ውሉ የጠፋበት የገና ዛፍ መብራት፦ ሳይቆረጥ የሚፈታበት መንገድ አለ?

መምህርት ከሐዋሳ
ታኅሣሥ 17፣ ከምሽቱ 2፡20

እንደምን አመሻችሁ። በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የአራት ዓመት ልጆችን አስተምራለሁ። ታኅሣሥ 26 ቀን የገና ዝግጅት አለን። ዛሬ የዛፉን መብራት ከዕቃ ቤት ሳወጣ ያገኘሁት በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የታጨቀ አንድ ትልቅ ጉብታ ነው። አምና ዛፉ ሲፈርስ ሁሉም እንደተነቀለ ተጠቅጥቆ ገብቷል። ስፒናዎቹን ስቆጥር ሰባት ናቸው፤ ሰባት ገመድ ማለት ነው። አራቱ ከገበያ የተገዙ ሲሆኑ ስፒናቸው አጠገብ አበራሩን የምትቀያይር ትንሽ ሳጥን አለቻቸው። ሁለቱን የአንዲት ተማሪዬ አክስት ከአሜሪካ አምጥተውልናል። አንዱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ታገልኩት። አንዱን ጫፍ ስስብ በሌላ በኩል ያለው ይጠብቃል፤ እዚያ ሳላላ እዚህ ይተበተባል። መቀስ አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ባልደረቦቼ «ይጣልና ሌላ ይገዛ» ይሉኛል። ነገር ግን ለመብራት የሚወጣው ገንዘብ ከልጆቹ ቀለምና ወረቀት ላይ ተቀንሶ ነው፤ እኔ ደግሞ ይህ እንዲሆን አልፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ ከመጡት የአንዱ ስፒና ወደ ውጭ ወጥቶ ስለነበር በመቀየሪያ ሰካሁት። ለአፍታ ዓይን እስኪያጥበረብር ድረስ ደምቆ በራና ድርግም አለ። ተበላሽቶ ይሆን? ጉብታውንስ እንዴት ልፍታው? የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ሠላሳ ዓመት በሽቦ
ታኅሣሥ 17፣ ከምሽቱ 2፡55

መምህርት፣ ከሁሉ በፊት ሁለተኛውን የአሜሪካ ገመድ እንዳትሰኪው። ሌላው ይደረስበታል።

የሆነው ይህ ነው። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። በዚያ አገር በተለመደው ባለ ትንንሽ አምፖል ገመድ ውስጥ 50 አምፖሎች እንደ መቁጠሪያ አንዱ ከሌላው ተያይዘው በአንድ መስመር ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው የተሠሩት ለ2.5 ቮልት ገደማ ነው። 100 አምፖል ያለው ገመድ እንዲህ ያለ ሁለት መስመር አለው። 220 ሲገባበት ለእያንዳንዱ አምፖል 4.4 ቮልት ይደርሰዋል። ቮልቱ እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ ሙቀቱ በዚያው ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ያየሽው ድምቀት በአምፖሎቹ ውስጥ ያሉት ክሮች ሲቃጠሉ ነው። ስፒናው ላይ ተንሸራታች ክዳን አለች፤ ከሥሯ ትንሽ የመስታወት ፊውዝ ታገኛለሽ፤ ምናልባት እሷም ሄዳለች። ፊውዝ ቀይሬ ልሞክረው እንዳትዪ። ያ ገመድ አልቆለታል።

ሁለተኛው የሚበራው ከ220 ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ባለ 100 አምፖሉ ገመድ የሚፈልገው 40 ዋት ገደማ ስለሆነ ትንሹ ትራንስፎርመርም ይበቃዋል። አንዳንድ ሰው ሁለት የአሜሪካ ገመዶችን ልክ እንደ አምፖሎቹ በአንድ መስመር አያይዞ 220ው ለሁለቱ እንዲካፈል አድርጎ ይሰካል። በወረቀት ሲሰላ ያስኬዳል። በአንዱ ገመድ ላይ ጥቂት አምፖሎች ሲቃጠሉ ግን ጭነቱ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ተከታትለው ሲሄዱም በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆች ባሉበት ክፍል አይደረግም።

አሁን ሰባቱንም ስፒና አንድ በአንድ አንሥተሽ አጠገቡ ሽቦው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቢ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ካለ ቀይ ናስትሮ ጠቅልዪበት። ከ220 እስከ 240 የሚለው ለእኛ ይሆናል። ጽሑፍ የሌለውን እስክናጣራ ድረስ አትመኚው።

ፈታይዋ
ታኅሣሥ 18፣ ከጠዋቱ 1፡30

የኔ ልጅ፣ እኔ የማውቀው ጥጥ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ ከላይ የጻፉት ይምከሩሽ። የተጠላለፈ ነገር ግን ያው የተጠላለፈ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈትያለሁ፤ ልቃቂቴን ድመት ተጫውታበት፣ ሕፃን አንከባሎት ውሉ የጠፋብኝ ጊዜ ብዙ ነው።

ክር የሚበጠሰው በመጠላለፉ አይደለም፤ በመሳቡ ነው። እስካልሳብሽው ድረስ ሁሉም ቀለበት ነው፤ ስትስቢው ቋጠሮ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ልፍታው አትበዪ፤ አስፊው። ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፊና ጉብታውን መሐሉ ላይ አስቀምጪ። ሁለት እጅሽን ከሥሩ አስገብተሽ በዙሪያው ሁሉ ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ አላሊው። ድፎ ዳቦ የሚያክለው ሰፌድ ሲያክል፣ ከዚያም አንሶላውን ሲሞላ ውስጡ ይታይሻል። ነጩ አንሶላም የወደቀውን አምፖል ያሳይሻል።

ከዚያ ውሉን ፈልጊ፤ የአንዱን ብቻ። አግኝተሽ እንደሆነ ተከተዪው እንጂ አትጎትቺው። በገባበት እየመለስሽ አውጪው። ሌላ ሽቦ ቢጫነው የተጫነውን አንሺለት። የተፈታውን ደግሞ ረጅም ጭራ አድርገሽ አትተዪው፤ ተመልሶ ይገባብሻል። ክንድ ያህል በተፈታ ቁጥር በትንሽ ልቃቂት መልክ ጠቅልዪው። ልቃቂቷ ትንሽ ከሆነች በየቀለበቱ መሐል ታልፋለች፤ ሥራሽ ሁሉ እሷን ማሳለፍ ይሆናል።

ለብቻሽ አትሥሪው። እኛ ክር ስናጠነጥን አንዷ ሁለት እጇን ዘርግታ ቀለበቱን ትይዛለች፤ ሌላዋ ትጠቀልላለች። እጅሽ መቸኮል ሲጀምር ተነሥተሽ ቡና አፍዪ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ታኅሣሥ 18፣ ከጠዋቱ 4፡05

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «መጀመሪያ አስፊው» ያሉትን እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ በየዓመቱ ስሠራው ኖሬ እንዲህ በቃል መናገር አልችልም ነበር።

መምህርት፣ የትኛውን ጫፍ ትያዢ ለሚለው ልጨምርልሽ። ከገበያ የገዛሻቸው ስፒናቸውና ሳጥናቸው በአንድ በኩል ነው፤ ሌላው ጫፍ ቀጭን ነው። ሁልጊዜ በቀጭኑ ጀምሪ። ሳጥኗ በቀለበት አታልፍም፤ በእሷ ከጀመርሽ እየጎተትሽ ሁሉንም ታጠብቂዋለሽ። የአሜሪካው በአንድ ጫፍ ስፒና፣ በሌላው ጫፍ ቀጣዩን ገመድ የሚቀበል ሶኬት አለው፤ እሱን በሶኬቱ በኩል ጀምሪው። ከሰባቱም ከላይ የተኛውንና በጣም የላላውን አስቀድመሽ አውጪ። ከሥር ያለውን ለማውጣት የምትታገዪ ከሆነ ተራው አልደረሰም ማለት ነው።

እዚህ ላለን ወገኖቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። እኛ ቤት ዛፉ ለሁለት ገና ይቆማል። ልጆቹ በዲሴምበር 25 ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ይደሰታሉ፤ የእኛው ደግሞ በጃንዋሪ 7 ይከበራል። ጎረቤቶቻችን ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ሲያስቀምጡ የእኛ ገና እየበራ ነው። በሁለቱ በዓላት መካከል በየሱቁ መብራት በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ገዝተን ለአገር ቤት በሻንጣ እንልካለን። እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑን ገልብጣችሁ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚለውን ተዉት። በዩኤስቢ የሚሠራውን ባለ 5 ቮልት፣ ወይም መሰኪያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበለውን ግዙ። የዚያች ተማሪ አክስት በፍቅር ተሸክመው ያመጡት ስጦታ በአንድ አፍታ ተቃጠለ፤ ሳነበው ልቤን ነካው።

ገና በአገር ወግ
ታኅሣሥ 18፣ ከቀኑ 7፡40

ቅር እንዳትሰኙብኝ። የአራት ዓመት ልጅ ገናን የሚያውቀው በፕላስቲክ ጥድና በብልጭልጭ መብራት ከሆነ ነገ ምን ይቀርለታል? የእኛ ገና ቄጠማ የሚጎዘጎዝበት ነው። በላሊበላ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ማሜ ጋራ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኵሉ የሚሉበት፣ ወጣቱ በየሜዳው ሩር የሚመታበት፣ «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» የሚባልበት ነው። ዛፉ ከጀርመን አገር የመጣ ልማድ ነው፤ መብራቱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒው ዮርክ የኤዲሰን ባልደረባ ኤድዋርድ ጆንሰን ቤቱ ውስጥ ባቆመው ዛፍ ላይ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆኑ 80 አምፖሎችን ካበራ ወዲህ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ሻማ ነበር። ለዚህ ይህን ያህል ከመድከም ጊዜው ለሌላ ቢውል እላለሁ።

መምህርት ከሐዋሳ
ታኅሣሥ 18፣ ከቀኑ 10፡15

ወንድሜ፣ ቅር አላለኝም፤ ያነሡት ነገር እኔንም ያሳስበኛል። በዝግጅታችን ቄጠማ እንጎዘጉዛለን፤ ልጆቹም ከጨርቅ በተሠራች ሩር በግቢው ውስጥ ገና ይጫወታሉ። መዝሙሩም የእኛው ነው። ከተማሪዎቼ መካከል ግን መናገር የሚከብደው አንድ ልጅ አለ። አምና መብራቱ ሲበራ እጁን አንሥቶ በዓመቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ ተናገረ፤ «በራ!» አለ። ለዚህ ብዬ ነው የምደክመው።

ጋሼ፣ ወረቀቶቹን አነበብኩ። አራቱ 220 ይላሉ። ሁለቱ 120፤ ቀይ ናስትሮ አስሬባቸዋለሁ። ሰባተኛው ሽቦው ላይ ጽሑፍ የለውም። ስፒናው ሦስት አራት ማዕዘን ወፋፍራም እግሮች ያሉት፣ በጣም ትልቅ ነው። በእኛ ሶኬት አይገባም።

ከዱባይ
ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 12፡50

እህቴ፣ ያ ስፒና የእኛው አገር ነው ማለት ይቻላል፤ በኤምሬትስ የምንጠቀመው የእንግሊዝ ዓይነቱን ባለ ሦስት እግር ነው። ኤሌክትሪካችን 230 ቮልት ገደማ፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ በቮልት በኩል ለኢትዮጵያ አያሳስብም፤ የሚያስፈልገው ደህና የስፒና መቀየሪያ ብቻ ነው። የስፒናውን ሆድ ገልብጠሽ እዪው፤ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ እዚያ ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ነው ያለው።

የፊዚክስ ተማሪ
ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 3፡30

ገመድ ለምን ሳይነካ እንደሚጠላለፍ የሚያሳይ ደስ የሚል ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ዶሪያን ሬመርና ዳግላስ ስሚዝ ክር በሳጥን ውስጥ እየከተቱ ሳጥኑን አሽከረከሩት፤ ከ3,400 ጊዜ በላይ ደጋግመው። ቋጠሮ የሚፈጠረው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ከ46 ሳንቲ ሜትር ያጠረ ክር ግን አልተቋጠረም። ምክንያቱ ነፃው ጫፍ ነው፤ በተነቃነቀ ቁጥር በተጠቀለለው መካከል እንደ ሹሩባ እየተጎነጎነ ይገባል። ሳጥኑ ጠበብ ሲልና ክሩ መንቀሳቀሻ ሲያጣ ደግሞ ቋጠሮው ይቀንሳል።

ለመምህርት የሚጠቅመው ይህ ነው፦ የሚቀጥለው ዓመት ችግር የሚጀምረው ማዳበሪያው ውስጥ ነው። ሁለቱ ጫፎች ከታሰሩና ገመዱ ጠባብ ቦታ ውስጥ ከተቀመጠ የሚጎነጎን ነገር አይኖርም። የአሜሪካውን ስፒና በራሱ ሶኬት ላይ ብትሰኪው ጫፍ የሌለው ቀለበት ይሆናል።

ሠላሳ ዓመት በሽቦ
ታኅሣሥ 19፣ ከጠዋቱ 2፡10

ዱባይ ያለኸው ልጅ ትክክል ነህ። መምህርት፣ ስፒናው ትልቅ የሆነው ምናልባት በውስጡ ትራንስፎርመር ስላለው ይሆናል። የተቀረጸውን ስታነቢ «መውጫ 24 ቮልት» ወይም «31 ቮልት» የሚል ካገኘሽ ከሁሉም ለልጆች የሚሻለው እሱ ነው፤ ዛፉ ላይ የሚደርሰው ዝቅተኛ ቮልት ብቻ ነውና።

የገበያዎቹን አራት በሚመለከት አንድ ነገር በደንብ ይያዝልኝ። አምፖሏ ትንሽ ስለሆነች ኤሌክትሪኩም ትንሽ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ስሕተት ነው። በእነዚያ ገመዶች ውስጥ የሚያልፈው የግድግዳው 220 ነው፤ ሽቦው በአንድ ቦታ ከተላጠ እዚያው ላይ 220 አለ። ስለዚህ ገመዱ ከተፈታ በኋላ፣ ሳይሰካ፣ በሁለት ጣትሽ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ እያሳለፍሽ ዳስሺው። የተላጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም አይጥ የቀመሰው ካለ በናስትሮ ሸፍኜ ልለፈው አትበዪ፤ ያ ገመድ መዋዕለ ሕፃናት አይገባም። ዳስሰሽ ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ፤ የአንዳንዱ ሽቦ ፕላስቲክ እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት።

ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ሩብ ሰዓት አብሪው። ሳጥኗን በእጅሽ ጀርባ ንኪያት፤ ለብ ማለቷ ያለ ነው፤ የምታቃጥል ወይም የምትሸት ከሆነ ንቀዪው። ሳጥን ባለው ገመድ ላይ አንድ ቀለም ብቻ ካልበራ የዚያ መስመር ሽቦ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ሳጥኗ ሥር፣ ሲጠቀለል ሲታጠፍ የሚኖረው ቦታ ላይ ነው።

ስለ ጥጥ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። በረዶ እንዲመስል ብለን ዛፉ ላይ ጥጥ እንበትናለን። እንደ አሜሪካው ዓይነት የሚግል አምፖል ባለበት ዛፍ ላይ ጥጥ ማለት ክብሪት ማቀበል ነው፤ በቀዝቃዛው ላይም ቢሆን ከሳጥኗና ከስፒናው ይራቅ። ማከፋፈያው ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። መብራት ሲሄድ ወዲያው ንቀዪ፤ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ እስኪረጋጋ አይታወቅም። በባትሪ የሚሠራም እንግዛ ካላችሁ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ባለች ክብ ባትሪ የሚሠራውን ከቶ አትግዙ። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ታቃጥለዋለች።

መምህርት ከሐዋሳ
ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 1፡45

ተፈታ! አንድም ሽቦ አልቆረጥኩም።

ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀ። አንሶላውን ክፍሉ ወለል ላይ አነጠፍኩና እማማ እንዳሉት አላላሁት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳልፈታ ማስፋት ብቻ። ጉብታው ሲዘረጋ መሐሉ ላይ ያየሁት ሁለት እውነተኛ ቋጠሮ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እርስ በርሱ የተደራረበ ቀለበት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስስብ ያጠበቅሁት እኔው ነበርኩ።

ቀጭኑን ጫፍ ልጆቹ እንዲፈልጉልኝ አደረግሁ፤ ምንም ነገር አልተሰካም፣ በኋላም እጃቸውን ታጥበዋል። ያ ልጅ በጉልበቱ ተንበርክኮ በጣቱ ሽቦውን እየተከተለ ሄደና አንዱን ጫፍ ከአንሶላው ጠርዝ ሥር አወጣው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ገመድ እሱ ውሉን እየፈለገ፣ ባልደረባዬ እጇን ዘርግታ ቀለበቱን እየያዘች፣ እኔ ልቃቂቱን እያሳለፍኩ ሠራን። የመጨረሻዎቹ ሦስት ገመዶች በአንድ ሰዓት ተፈቱ።

ውጤቱ እንዲህ ነው። ከአራቱ የገበያ ገመዶች ሦስቱ በደንብ ይበራሉ። አራተኛው ቀዩ ቀለም አይበራም፤ ሳጥኗ ሥር ስዳስሰው ሽቦው ተሰንጥቆ ውስጡ ይታያል፤ አስወግጄዋለሁ። የዱባዩ ሆዱ ላይ «መውጫ 31 ቮልት» የሚል ተቀርጾበታል። እሱን ልጆቹ በሚደርሱበት በታችኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ሦስቱን ከላይ አደረግኋቸው። ጥጡን ትተን በምትኩ ልጆቹ ከነጭ ወረቀት ኮከብ ቆርጠው ሰቅለዋል። ያልተቃጠለውን የአሜሪካ ገመድ ለተማሪዬ እናት መልሼ ነገሩን አስረዳኋቸው፤ አክስትየው ሲመለሱ ይዘውት ይሄዳሉ።

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ዛፉ ከጥምቀት በኋላ ይወርዳል፤ እንዴት ልጠቅልለው?

ፈታይዋ
ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 2፡30

እሰይ የኔ ልጅ! ያንን ልጅ ሳሚልኝ። ውል የሚያገኝ ዓይን አለው።

በክርንሽና በእጅሽ መካከል እያዞርሽ አትጠቅልዪው፤ በየዙሩ ይጠመዘዛል፣ ሲፈታም እንደተጠማዘዘ ይመጣል። አውራ ጣትሽንና ትንሿን ጣትሽን ዘርግተሽ በሁለቱ መካከል እያመሳቀልሽ በስምንት ቁጥር ጠቅልዪው። አንዱ ዙር ያጠመዘዘውን ሌላው ይመልሰዋል።

ሠላሳ ዓመት በሽቦ
ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 3፡00

የስምንቱ ነገር ትክክል ነው፤ እኛም ረጅም ኬብል የምንጠቀልለው እንዲሁ ነው። ጣት ከደከመሽ ከጫማ ካርቶን የእጅ መዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጠሽ በሁለት ጫፉ ላይ ጥርስ አውጪለትና በዚያ ላይ ጠቅልዪ። የምትጀምሪው በቀጭኑ ጫፍ ነው፤ ጥርሱ ውስጥ አስገብተሽ አጥብቂው። ስፒናው መጨረሻ ላይ ከላይ ይቀመጣል። የዛሬ ዓመት መጀመሪያ የምትፈልጊው እሱን ነው፤ ዛፉም ላይ የሚዘረጋው ከሥር ከሶኬቱ ተነሥቶ ወደ ላይ ነውና። አንዱን ካርቶን በአንድ ፌስታል፣ ሁሉንም በአንድ ጠባብ ሳጥን አድርጊ። በየካርቶኑ ላይ ቮልቱንና የበራበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፊበት።